አልታመም ያሉት አይጦች

የዚያን ቀን ግቢያችን ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ፤ በደብሩ የሚቀድሱት ቄስ ባለቤቴ፤ ከሩቅ ከተማ የመጣችው ልጃችን፤ እሷን ያመጣት ሾፌር፤ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ሐጂ ጎረቤታችን፤ ከአረብ አገር የተመለሰችው የባለቤቴ እህት፤ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ፤ እና ቦራዋ ላሜ። አይጥ አልነበረም። ይህን ለይቼ የምጽፈው፣ በሳምንቱ ከመካነ ሰላም እስከ ወረኢሉ ድረስ፣ ልጄ በመጣችበት መኪና ውስጥ የበግ ግልገል የሚያህሉ አይጦች በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ስለበዙ ነው። እኔ እዚያው ነበርኩ። የነበረው ክዳን ያለው የበረዶ ሣጥን ብቻ ነው። ልጄ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ ከፍቼ አይቸዋለሁ፤ እኔም ጠርጥሬ ነበርና።

ስምንት ነን። ከስምንቱ ስድስታችን አንድ ነገር እናውቅ ነበር። ልጄና ሾፌሩ ብቻ አያውቁም። ላሟን ከሚያውቁት ወገን የቆጠርኳት መርፌው የተወጋው እሷ ላይ ስለሆነ ነው።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ማንበብና መጻፍ አያቅተኝም፤ የመድኃኒት ወረቀት ግን ሁለት ጊዜ አንብቤ ሦስተኛውን ሰው አስነብባለሁ። እኔ ይህን ጥንቃቄ እለዋለሁ፤ ቤተሰቦቼ ፍርሃት ይሉታል። ከቤት ስወጣ እሳቱን አጥፍቼ እንደሆነ ለማየት ከበር እመለሳለሁ። ልጄ መንገድ የጀመረች ቀን «ደሴ ገባሁ» እስክትለኝ ድረስ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም። ይህች ልጄ የከብት ሐኪም ሆና ተመረቀች፤ እሱ አልበቃ ብሏት ለከፍተኛው ዲግሪ አንድ የምርምር ቤት ገባች። «ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ «የከብት በሽታ ታጠናለች» እላለሁ። ይህ እውነት ነው። በምን ላይ እንደምታጠና ግን ለማንም አልተናገርኩም። ልጅ ያን ያህል ዓመት አስተምሮ አይጥ ጠባቂ ማድረግ በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የሚያወሩት ወሬ አይደለም።

ወሬውን ያወጣችው የባለቤቴ እህት ናት። ልጄ ለበዓል መጥታ ሳለ አክስቷ የልጄ ስልክ ላይ አንድ ፎቶ አየች። ልጄ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ በነጭ ተሸፍና፣ አፏን ሸፍና፣ በጓንት እጇ ላይ አንዲት ነጭ አይጥ ተቀምጣለች።

«ወይ ጉዴ!» አለች አክስቷ። «እኔ በሰው አገር የሰው ልጅ አጥቤ አሳደግሁ። አንቺ ይህን ሁሉ ተምረሽ አይጥ ታጥቢያለሽ?»

«አላጥባትም አክስቴ። እንዲያውም እሷ ጋ ለመግባት የምታጠበው እኔ ነኝ።»

«ትሰሚያለሽ ልጅሽን?» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

ሰማሁ። ያን ቀን ተቀምጣ አስረዳችን። እነዚህ አይጦች ሲወለዱ ጀምሮ በሰውነታቸው ዘበኛ የላቸውም። በእኔ ሰውነት ውስጥ በሽታ ሲገባ «ማነህ? ከየት መጣህ?» ብሎ የሚይዘው ኃይል አለ፤ እነሱ የላቸውም። ሌላ አይጥ የላም ደም ቢሰጡት ሰውነቱ ያጠፋዋል። እነዚህ ግን ጠያቂ ስለሌላቸው የላሙን ደም እንደራሳቸው ተቀብለው ይኖራሉ። ከዚያ መዥገር የሚያመጣው የከብት በሽታ ሲጨመርባቸው፣ በሽታው ላም ውስጥ የገባ መስሎት ይራባል። ልጄ አይጧ ላይ ታየዋለች፤ መድኃኒቱንም አይጧ ላይ ትሞክራለች።

«ለምን ላም ላይ አትሞክሩትም?» አልኳት።

«ላሙን ማን ይሰጠናል እማ? አንቺ ትሰጪኛለሽ?»

አይጥ ጥሩ ነው ብዬ አሰብኩ።

ስለ አኗኗራቸው የነገረችንን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። የሚተነፍሱት አየር ተጣርቶ ነው። የሚበሉትና የሚተኙበት ሁሉ በእንፋሎት ተቀቅሎ ይቀርባል። ጉንፋን የያዘው ሰው በራቸው አይደርስም። ጓንት በየጊዜው ይቀየራል። እሷን እራሷን በወለድኩበት ቀን ጤና ጣቢያው ውስጥ ጓንት አልቋል፣ ከሱቅ ገዝታችሁ ኑ ተብለን ባለቤቴ በምጤ መሃል ሱቅ ለሱቅ ዞረዋል። ይህን አልተናገርኩም፤ አይጥ ላይ መቅናት ለክርስቲያን ነውር ነው።

«የመጡት ከባሕር ማዶ ነው፣ በአውሮፕላን» አለች ልጄ።

«ወረቀት አላቸው?» አለች አክስቷ።

«አላቸው። የጤና ወረቀት፣ የመግቢያ ፈቃድ፣ ሁሉም አላቸው።»

አክስቷ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። «እኔን ያለወረቀት ነሽ ብለው መሬት ላይ አስተኝተው ነው የመለሱኝ» አለች። «በሚቀጥለው አይጥ ሆኜ ነው የምሄደው።»

ሁላችንም ሳቅን። እሷም ሳቀች፤ ትንሽ ዘግይታ።

ጥቅምት ላይ ቦራዋ ላሜ ከቆላ ተመለሰች። በእኛ በኩል ክረምቱን መሬቱ ሁሉ እህል ስለሚሆን ከብቱን ወደ አባይ ቆላ አውርደን እዚያ ላለ ወዳጅ አደራ እንሰጣለን። ስትመለስ ጆሮዋ ሥርና ጡቷ ላይ መዥገሩ እንደ ባቄላ ተለጥፎባት ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ሽንቷ ቀላ። ከዚያ መብላት አቆመች።

እያለቀስኩ ለልጄ ደወልኩ። እሷ ግን ደስ አላት።

«እማ፣ ይሄንኑ ነበር ስፈልግ የከረምኩት!»

ሐኪም እንዲህ ነው መሰለኝ ብዬ ተቀየምኳት። እሷ ግን ምክንያት ነበራት። የአይጦቹ ክፍል የተፈቀደላት እስከ ፋሲካ ብቻ ነው፤ ከዚያ ሌላ ተማሪ ይረከበዋል። እስከዚያ በሽታው ያለበት የደጋ ላም ደም አግኝታ አይጦቹ ላይ ካላሳየች የስንት ዓመት ልፋቷ ያለ ወረቀት ይቀራል። ስንት ወረዳ ዞራ የታመመ ከብት ስታገኝ፣ ገበሬው ቀድሞ መድኃኒት አስወግቶት ነው የምታገኘው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ደግሞ በሽታው ከደሙ ይጠፋል።

«ሁለት ቀን ብትጠብቂኝ መኪና ለምኜ እመጣለሁ» አለችኝ። «ደሙን እንደቀዳሁ ወዲያው እኔው አክማታለሁ። ከባሰባት ግን እንዳትጠብቂኝ፤ አሳክሚያት። ብቻ ንገሪኝ።»

«ብቻ ንገሪኝ» ያለችውን ልብ በሉልኝ። ጥፋቴ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ቻልኩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ላሟ ተኝታ አልነሳ አለች። አጥር ላይ ሆነው ያዩት ሐጂ ገብተው ጆሮዋን ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ይቺ ነገን አታይም» አሉኝ።

«ልጅቷ ጠብቂኝ ብላኛለች አባባ።»

«ልጅቷ አላህ ያቆያት፣ ሌላ ላም ታገኛለች። አንቺ ከየት ታመጪያለሽ?»

ባለቤቴም «ላም ሞታ የሚገኝ ዕውቀት ለማን ነው?» አሉ። የባለቤቴ እህት ባለሙያውን ጠርታ መጣች። ባለሙያውን እኛ ዶክተር እንለዋለን፣ እሱም አይከለክለንም፤ እውነተኛዋን ዶክተር ልጄን ግን ሰፈሩ ሁሉ «ልጅት» ነው የሚላት። ዶክተሩ ቢጫውን መድኃኒት አንገቷ ላይ ወጋት። ማታ ላይ ላሟ ተነሳች። ውኃ ጠጣች። ማመስኳት ጀመረች።

ለልጄ ደወልኩላት። መንገድ ላይ ነበረችና አልገባም አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደወልኩት። ሁለተኛ ብደውል ታነሳዋለች ብዬ ፈራሁ።

ያን ሰዓት ያሰብኩትን አልደብቅም። ይህች ልጅ ደብዳቤ አጽፋ፣ መኪና ለምና፣ በረዶ ሞልታ በዚያ ጭቃ እየመጣች ነው። ባዶ ሣጥን ይዛ እንዴት ትመለስ? ደግሞስ ደም ደም ነው። ትናንትም ቀይ ነበር፣ ዛሬም ቀይ ነው። አይጥ በምን ያውቃል?

በማግስቱ ደረሰች። ከመኪናው ወርዳ ሳትስመኝ ወደ ላሟ ሄደች።

«እንዴ! ይህች ናት የታመመችው?»

ላሟ እያመሰኳች አየቻት።

«አንቺን ስታይ ተሻላት!» አለች አክስቷ። «እኛንማ ገላምጣን ነበር።»

ልጄ ደብተሯን አወጣች። በሥራዋ ሰዓት ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ለእኔም እንደማላውቃት ሴት ትሆንብኛለች። ዕድሜዋን ጠየቀች፣ ስንት እንደወለደች ጠየቀች፣ መቼ ከቆላ እንደወጣች ጠየቀች። ከዚያ፦

«ከታመመች ወዲህ መድኃኒት ተሰጥቷታል?»

ሁላችንም ወደ ዶክተሩ ዞርን።

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «አምና ተከትባለች» አለ። እውነት ነው፤ አምና ተከትባለች።

«አምናን አይደለም። አሁን?»

ሐጂን አየቻቸው። «አላህ ነው ሁሉን የሚያውቀው የኔ ልጅ» አሉ፤ ከመሬት የወደቀ እንጨት አንስተው መላጥ ጀመሩ። አባቷን አየቻቸው። ባለቤቴ ዳዊታቸውን ከፍተው ነበር። «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ። ሁለቱም አልዋሹም። በቀጥታ የሚዋሽ እንደ እኔ ያለ ያልተማረ ሰው ብቻ ነው።

«ምን መድኃኒት!» አልኳት። «አንቺን ስንጠብቅ አይደል የከረምነው!»

«አልተሰጣትም» ብላ ጻፈች። በእኔ ቃል አምና።

ደሙን ሲቀዱ ዶክተሩ አንገቷን ያዘላት። ትናንት የወጋበትን ቦታ በመዳፉ ሸፍኖ ነበር፤ እኔ አየሁት፣ እሱም እንዳየሁት አየኝ። ጠርሙሶቹ ተሞልተው ሣጥን ውስጥ ገቡ። አለቀ ብዬ ስተነፍስ ልጄ ያንኑ ቢጫ መድኃኒት ከቦርሳዋ አወጣች።

«በሉ ያዙልኝ፤ አሁን ላክማት።»

«ተይ!» አልን፤ እኔና ዶክተሩ እኩል።

«ለምን?»

«አሁን ደም ወጥቶላታል፤ ትድከም እንዴ?» አልኩ።

«አንቺ ከመንገድ ነው የመጣሽው» አለ ዶክተሩ። «እኔ ነገ እወጋታለሁ። ምን ሥራ አለኝ!»

«ትረፍ ልጄ፣ አብሽሪ» አሉ ሐጂ።

«መርፌ በባዶ ሆድ አይሰጥም» አለች አክስቷ። ላሟ አፏ ሣር እንደሞላ ነው።

ልጄ ሁላችንንም አየችን። «አገሩ ሁሉ ለላሟ ጠበቃ ቆመላት» ብላ ሳቀች። ሾፌሩም ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። አሁን ሳስበው ከመካከላችን አንዱ እንኳ አፉን ቢከፍት ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሐጂ እኔን እንዳያሳፍሩ ብለው ዝም አሉ። ባለቤቴ ሐጂን ሐሰተኛ እንዳያስመስሉ ብለው ዝም አሉ። ዶክተሩ ቄሱ ዝም ባሉበት እሱ ምን ቤት ነው ብሎ ዝም አለ። አክስቷ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሥጢር ጠበቀች፤ የጠበቀችውም መናገር የነበረባትን ነው። ይሉኝታችን እንደዚያ ቀን ተባብሮ አያውቅም።

ከሄደች በኋላ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። እኔ ስለ ጤናዋ እጠይቃለሁ፤ እሷ ስለ አይጦቹ ጤና ትነግረኛለች። የቦራዋ ደም ተሰጥቷቸዋል። በሽታውን እየጠበቀች ነው። ስልኩን ስዘጋ አጥር ላይ ሆነው ሐጂ ይጠይቁኛል።

«አይጦቹ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው አባባ።»

«ደህና? አይ አይ አይ!» ይላሉ፤ የሰው ሞት እንደሰማ ሰው።

የአይጦቹ ደህንነት የሰፈሩ ሐዘን ሆነ። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ «እስካሁን አልታመሙም?» ይሉኛል። ጾም የያዙ ባልቴት ለእነሱ ሻማ እንደተሳሉ ነገሩኝ። ባለቤቴን ጸልዩላት ብዬ ጨቀጨቅኳቸው።

«ምን ብዬ?»

«አይጦቹ እንዲታመሙ ብለው።»

«አንቺ ሴት፣ አይጥ እንዲታመም የሚጸለየው ከየትኛው መጽሐፍ ነው?» አሉኝ። ሐጂን ብጠይቅ «በእኛ ዘንድ ዱአ የሚደረገው ለታመመ ነው» አሉ። ሁለት ሃይማኖት ባለበት አገር አንዱም ሊረዳኝ አልቻለም።

ይህን እየጻፍኩ እስቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቅሁም። የልጄ ድምፅ በየሳምንቱ ይቀጥን ነበር። የአይጦቹን ደም በማጉያ መነጽር ሥር ስታይ ምንም የለም። እንደገና ትጀምራለች፤ ምንም የለም። መጀመሪያ በረዶው ቀልጦ ይሆናል አለች። ቀጥሎ አይጦቹ ደሙን አልተቀበሉም ይሆናል አለች። በመጨረሻ «እጄ ላይ ነው ችግሩ እማ» አለችኝ። «መምህሬም ይህን ተይና ሌላ ነገር ፈልጊ ብሎኛል። አይሆንልኝም ማለት ነው።»

እጇን አውቀዋለሁ። በልጅነቷ እንኳ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ እሷ ነበረች። ያ እጅ በእኔ ውሸት ሲታማ መስማት አቃተኝ። እዚያው ስልኩ ላይ ነገርኳት። ቢጫውን መድኃኒት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አንድ ጊዜ ብቻ መደወሌን ጭምር።

የደብተሯ ገጽ ሲገለጥ በስልኩ ሰማሁ።

«ማን ማን ያውቅ ነበር?»

ቆጠርኩላት።

«አባዬም?»

«አባትሽ እግዚአብሔር ያውቃል ነው ያሉት።»

ሳቀች። ደስ አለኝ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«እማ፣ የአይጦቹን ውስጥ ለማየት እኮ እገድላቸዋለሁ። ያን ሁሉ በከንቱ ነው የገደልኳቸው።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ላሜን ሳድን አይጦቹን ከሚሞቱት ቆጥሬ አላውቅም። «ይቅር በይኝ» አልኳት። ለእሷ ይሁን ለእነሱ እስካሁን አላውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም? ብትነግሪኝ ሌላ ከብት እዚያው እፈልግ ነበር።»

«ባዶ እጅሽን እንዳትመለሺ ብዬ ነው።»

«እና አሁንስ ምን ይዤ ተመለስኩ?»

እሷ ግን እኔን ይቅር ማለት እንጂ መቀየም አታውቅበትም። ትንሽ ቆይታ ያንኑ የሥራ ድምፅዋን አወጣች። «ከቦራዋ ጋር ቆላ ወርዶ፣ ታሞ፣ ሳይታከም በራሱ የዳነ ከብት አለ? እንደዚያ ያለው ቢድንም በሽታው ደሙ ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። እሱም ይሆነኛል።»

አለ። ነበረን ልበል። አንዲት ቀይ ጊደር አብራ ወርዳ ነበር። ሽንቷ ሁለት ቀን ቀልቶ በራሱ ተዋት፤ ልጅ ስለሆነች ነው ብለን መድኃኒት አላስወጋናትም። ልጄ ደም ቀድታ በሄደች በሳምንቱ መካነ ሰላም ገበያ አውጥቼ ሸጥኳት። እሳቱን አጥፍቼ እንደሆነ ሁለት ጊዜ የማጣራ ሴት፣ የገዟትን ሰው ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ገበያውን ሁሉ ጠይቄአለሁ። ሐጂ ከጁምአ በኋላ መስጊድ ደጃፍ ላይ አስነግረዋል፤ ባለቤቴ ከቅዳሴ በኋላ። በዚህ ጊዜ ዝም ያለ የለም፤ የሚያውቅም አልተገኘም። ፋሲካ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ልጄም ክፍሏን ይዛ እየጠበቀች ነው።

የገዟት ሰው በዕድሜ የገፉ፣ ረጅም፣ በግራጫ በቅሎ የመጡ ናቸው። ወደ ከላላ እንደሚሄዱ ነግረውኛል፤ ጊደሯን አዲስ ጎጆ ለወጣች ልጃቸው እንደሚሰጧትም ነግረውኛል። ጊደሯ ቀይ ናት፤ ጭራዋ ጫፉ ነጭ ነው። ከታመመችባቸው ያሳክሟት፤ በእኔ ምክንያት ሌላ ላም አይሙት። ግን ያሳከሟት እንደሆነ ቀኑን ይንገሩኝ። እኚህን ሰው የሚያውቅ፣ ወይም በከላላ መንገድ ያያቸው ካለ፣ ደህና መሆናቸውንና የት እንደሚገኙ መካነ ሰላም ድረስ ቃል ይላክልኝ።